ጎረቤት የሌላቸው ሴሎች

እሁድ እሁድ ሥራ ቦታ የሚገባ ሰው ወይ ሥራ የበዛበት ነው፣ ወይ ቤቱ የሚጠብቀው ሰው የሌለው ነው። እኔ ለጠየቀኝ ሁሉ "ሥራ በዝቶብኝ ነው" እል ነበር። እናንተ ስለማታውቁኝ እውነቱን ልንገራችሁ፤ የቤቴ ጸጥታ ያስፈራኝ ነበር።

ያደግሁት ሆሳዕና ነው፣ በር የሚዘጋው ለጅብ ብቻ በሆነበት ግቢ። አሁን ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ስቱዲዮ ተከራይቼ እኖራለሁ። ይህ የምነግራችሁ ነገር ሲደርስብኝ እዚያ ቤት ከገባሁ ሁለት ዓመት አልፎኝ፣ የፊት ለፊት ጎረቤቴን ስም እንኳ አላውቅም ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ደረጃ ላይ አስቁማኝ ሥራዬን ጠየቀችኝ።

"ላብራቶሪ ነው የምሠራው" አልኳት።

"እሰይ! በይ ስኳሬን ትለኪልኛለሻ!"

"አይ፣ የእኛ የሕክምና አይደለም። ሴሎች እንዴት እንደሚነጋገሩ ነው የምናጠናው።"

ከላይ እስከ ታች አየችኝና "ጌታ ይርዳሽ" ብላ በሯን ዘጋች።

አልፈርድባትም፤ ለእናቴም ማስረዳት አቅቶኛል። እናንተ ግን ትንሽ ታገሡኝ። ሰውነታችን የተሠራባቸው ሴሎች ዝም ብለው አይኖሩም፤ ቀኑን ሙሉ መልእክት ይላላካሉ። "እደጊ"፣ "ቁሚ"፣ "ተከፈይ" ይባባላሉ። ካንሰር ውስጥ "እደጊ" የሚለው መልእክት አልዘጋ ይላል። የእኛ ሥራ መልእክቱ በየት በኩል እንደሚያልፍ መከታተል ነው። መጀመሪያ የሴሎቹን ምግብ እንቀንሳለን፤ በላብ፣ ማለትም በላብራቶሪያችን፣ ቋንቋ "ጾም እናስገባቸዋለን"። ያኔ ጭጭ ይላሉ። ከዚያ አንዲት ጠብታ መልእክት እንሰጣቸውና ትንሽ ቆይተን በረዶ ላይ እንጨፈልቃቸዋለን። ከውስጣቸው የወጣውን ፕሮቲን በመጠን በመጠኑ ለይተን፣ ስስ ወረቀት የመሰለ ነገር ላይ እናሳርፋለን። መልእክቱ ደርሶ ከሆነ ጥቁር ሰረዝ ይወጣል፤ ካልደረሰ ባዶ ነው። የስንት ቀን ልፋት ለአንዲት ሰረዝ!

የእኔ ሴሎች ከአንዲት የጡት ካንሰር ታማሚ እናት ዕጢ የተወሰዱ ነበሩ። የእናትየዋን ስም አልጽፍም። የካንሰር መድኃኒቱ መጀመሪያ ሠርቶላቸው ነበር፣ በኋላ እምቢ አለ። መንገድ ሲዘጋበት በውስጥ ለውስጥ እንደሚያቋርጥ ባለታክሲ፣ "እደጊ" የሚለው መልእክት ሌላ መተላለፊያ አግኝቶ ነበር። በየት በኩል? እሱን ነበር የምፈልገው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ስለ ናሙናው ላስረዳቸውና ፈቃዳቸውን ልጠይቅ ሆስፒታል የሄድኩት እኔ ነኝ። ጸጥ ብለው ሰምተውኝ ሲያበቁ እጄን ያዙኝ።

"ልጄ፣ ከወጣ አይቀር እንዳይጣል። አደራ።"

"አይጣልም፣ እማማ።"

"እዚያ ብቻውን ነው የሚቀመጠው?"

ሳቄ መጣ። "ይባዛሉ እማማ። ብዙ ይሆናሉ" አልኳቸው።

"እንዲያ ከሆነ ጥሩ" አሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ አረፉ።

ለክፉ ቀን የሚሆን የሴል ዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን ብርድ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። የእኛ ናይትሮጅን አምጪው ሲዘገይ፣ እኛም "ነገ ይመጣል" ስንል በርሜሉ ደርቆ ያለው ሁሉ ተበላሽቶ ነበር። ስለዚህ የእኚያ እናት ሴሎች በዚህ ዓለም ላይ የቀሩት በእኔ ኢንኩቤተር ውስጥ ብቻ ነው። እነሱ ከጠፉ አደራውም ሥራዬም አብረው ይጠፋሉ፤ እኔም ይህን እያወቅሁ ነበር የምተኛው።

ላባችን ከኦሎምፒያ ወረድ ብሎ ባለ ሕንጻ ላይ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ኢንኩቤተር አለ፤ ሴል የሚሞቅበት ሳጥን በሉት። አንዱ የእኔ፣ ሌላው የሙና ነው። ሙና የስልጤ ልጅ ናት፤ ጉርድ ሾላ ከወላጆቿ ጋር ትኖራለች፤ አፏ አያርፍም። ምሳ በጠራችኝ ቁጥር ሥራ አለብኝ እላታለሁ። "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል፣ አስቱ!" ትለኛለች እየሳቀች። እኔም ዳቦዬን ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብዬ እጨርሳለሁ። ኩራት አልነበረም። ብዙ ዝም ያለ ሰው ወሬ በምን እንደሚጀመር ይጠፋዋል፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

ነገሩ ከመድረሱ በፊት ባለው ቅዳሜ ከሰዓት አብዛኞቹን ሴሎቼን ጾም አስገባኋቸው። አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ብቻ ለዘር ብዬ ሳልነካት ትቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሰው ሁሉ ግቢው ውስጥ ተቃቅፎ ሲጠያየቅ እኔ በጎን በር ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ እናቴ ደወለች። በየእሁዱ የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ አላት።

"እዚያ ሰው አለሽ?"

"አለኝ፣ እማዬ።"

"ማን?"

"ብዙ ሰው" አልኳትና ኔትወርክ አስቸገረኝ ብዬ ዘጋሁት።

የሕንጻው በር ላይ ጥበቃው ጋሽ ደምሴ ከወንበራቸው ተነሡ። ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ በፀሐይም ካፖርታቸውን አያወልቁም። ያን ቀን ፊታቸው በፈገግታ ተሞልቶ ነበር።

"ነይ ነይ፣ ዛሬስ ትመርቂኛለሽ!" አሉኝ።

ጆሮዬ ውስጥ ማዳመጫ ነበር። እጄን አነሣሁላቸውና አለፍኩ። "አንዴ ቆይ ልንገርሽ..." ሲሉ በደንብ ሰምቻለሁ፤ ግን ስወጣ እሰማዋለሁ ብዬ ደረጃውን ያዝኩ።

የላቡን በር ስከፍት የጎደለ ነገር እንዳለ ታወቀኝ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት ቆምኩ። ድምፅ ነው የጎደለው። የሙና ኢንኩቤተር እንደ ወትሮው ያንሾካሹካል፤ የእኔ ዝም ብሏል። ቁጥር የሚታይበት መስኮቱ ጥቁር ሆኗል። የመስታወት በሩን በመዳፌ ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነው።

"ኢየሱስ!" አልኩ ጮክ ብዬ።

ሶኬቱ ግድግዳው ላይ የለም። ገመዱ ደግሞ አልተጎተተም፣ አልተበጠሰም፤ በጥንቃቄ ተጠቅልሎ ማሽኑ አናት ላይ ተቀምጧል። ይኼ ነው ይበልጥ ያስደነገጠኝ። አንድ ሰው አስቦበት ነው የነቀለው።

ሴሎቹ የሚኖሩባቸውን ሳህኖች ማውጣት ጀመርኩ። ጤነኛ ሴል ያለበት ፈሳሽ ቀላ ብሎ ወደ ብርቱካን ያደላል፤ የእኔ ወይን ጠጅ መስሏል። ሙቀቱም ማሽኑ የሚነፋላቸው ጋዝም ከጠፋ ቆይቷል ማለት ነው። አንድ በአንድ ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባኋቸው። ሕያው ሴል መሬቱን፣ የሳህኑን ወለል፣ ቆንጥጦ ይይዛል፤ የሞተ ይለቅና ይንሳፈፋል። ሁሉም ይንሳፈፋሉ። ሳህን እያነሣሁ ሳህን አስቀምጣለሁ፣ አንዱም መሬት የያዘ የለም። በረሃብም በብርድም ነው ያለቁት።

የመጨረሻዋን፣ ለዘር ያልኳትን ጠርሙስ በሁለት እጄ ይዤ ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባኋት። እሷም ውስጥ ይንሳፈፋሉ። ቆየት ብዬ ሳጠና ግን አንዲት የያዘች አየሁ። ከዚያ በጣም ርቃ ሌላ። ጥግ ላይ ደግሞ ሌላ። ሁሉም ለየብቻቸው፣ መሐላቸው ባዶ ሜዳ ነው።

ደረጃውን እየሮጥኩ ወረድኩ።

"ጋሽ ደምሴ! የእኔን ማሽን ማን ነው የነቀለው?"

"እኔ ነኛ!" አሉ በኩራት። "እሱን ልነግርሽ አልነበር? ትናንት አመሻሽ ላይ መብራቱ ይጠፋል ይመጣል፣ ይጠፋል ይመጣል። ያቃጥልባታል ብዬ በመለዋወጫው ቁልፍ ገብቼ ነቀልኩልሽ። የእኔን ፍሪጅ የበላው እንዲህ እያለ ነው እኮ። ዛሬ ጠዋት ረጋ፤ እንዳላበላሽ ግን አንቺ መጥተሽ ራስሽ ብትሰኪው ይሻላል አልኩ።"

አያችሁ፣ አዲስ አበባ ውስጥ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ሶኬት የማይነቅል ሰው የለም። እኔም ቤቴ ቴሌቪዥኔን እነቅላለሁ። ላቡ ግን የራሱ የመብራት መቆጣጠሪያና ጄኔሬተር አለው፤ ማሽኑ ምንም አይሆንም ነበር። ይህን ደግሞ ለጋሽ ደምሴ የነገራቸው ማንም የለም።

"ገደሉብኝ እኮ!" አልኳቸው። "ሁሉንም ገደሉብኝ!"

ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ። ወደ ላይ፣ ወደ ፎቁ አዩ። "እነማንን ልጄ?" አሉ።

ተመልሼ ገብቼ ገመዱን ሰካሁ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። አለቃችን ውጭ አገር ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ለማን ልደውል? ስልኬን ከላይ እስከ ታች አገላበጥኩ። ሲከፋኝ የምደውልለት ስም ፈልጌ አጣሁ። ሴሎቹ መሞታቸው አንድ ነገር ነው፤ መሞታቸውን የምነግረው ሰው አለመኖሩ ግን ልቤን ሰበረው።

እዚያው ወለሉ ላይ ሆኜ ነው የትምህርቴ ነገር ትዝ ያለኝ። ሴል ብቻዋን ስትቀር ማንም አይገድላትም። ጎረቤቶቿ "አለሽ ወይ?" እያሉ የሚልኩላት መልእክት ሲቋረጥባት ጊዜ ራሷን በራሷ ዘግታ ትሞታለች። የቀሩኝ ሴሎች አዲስ ምግብ ቢሰጣቸውም እንዲያ ተራርቀው አይቆዩም። ብዙ ሴሎች አብረው በኖሩበት ፈሳሽ ውስጥ ግን የተላላኩት መልእክት ቀልጦ ይቀራል። ያን ፈሳሽ አጣርቶ ለብቸኞቹ መስጠት የታወቀ ዘዴ ነው። ሰፈር ያሉ ይመስላቸዋል።

እንዲህ ያለ ፈሳሽ የነበረው ሙና ኢንኩቤተር ውስጥ ብቻ ነው። የእሷ የቆዳ ሴሎች እርስ በርስ ተጣብቀው ጠርሙሱን ሞልተውታል። በሩን ከፍቼ መውሰድ እችል ነበር። ግን የሌላ ሰው ሴል ሳያስፈቅዱ አይነካም። ቁጥሯን ከላባችን ቴሌግራም ግሩፕ አወጣሁ።

ስልኩ ሲነሣ በስተጀርባ እልልታና ከበሮ ይሰማል።

"ማን ልበል?"

"እኔ ነኝ። አስቴር። ከላብ።"

"አስቱ?!" ከበሮው ራቀ፤ ወደ ውጭ ወጣች መሰለኝ። "ምን ሆንሽ? ታመምሽ?"

"ሴሎቼ ሞቱ።"

"ወላሂ? የሴትዮዋ?"

"ጥቂት ቀርተዋል። ግን ሙና፣ በጣም ተራርቀዋል። ብቻቸውን ናቸው። ብቻቸውን ደግሞ አይቆዩም..." የማወራው ስለ ሴል እንደሆነ አውቃለሁ፤ ድምፄ ግን አላወቀም።

አፏ የማያርፍ ሙና ያን ጊዜ በአጭሩ ቆረጠችው። "ምንም እንዳትነኪ። መጣሁ" አለችና ዘጋችው።

ከየት ሰፈር እንደምትመጣ ሳላውቅ መስኮት ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። በራይድ ታክሲ ደረሰች። የሰርግ ቀሚስ ለብሳለች፣ በክንዶቿ በላስቲክ የተሸፈነ ሳህን አቅፋለች፣ መዳፎቿን ደግሞ እንደ ቁስለኛ ከምንም ሳታስነካ ዘርግታለች። የአጎቷ ልጅ ሰርግ ነው፤ ሒናው ገና አልደረቀም።

"ጓንት እንዴት ታደርጊያለሽ?" አልኳት።

መልስ ሳትሰጠኝ ወደ ቧንቧው ሄደች፤ ያን የሚያምር ሐረግ በሙሉ ፍቃ አጠበችው። ገና ስላልያዘ ብርቱካናማ ጭጋግ ብቻ መዳፏ ላይ ቀረ።

"ሙና! ምን ነካሽ?"

"ሒና ይደገማል። ሴትዮዋ ይደገማሉ?"

ጠርሙሷን አውጥታ ስታይ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። "የሰኞ ሥራሽስ? ፈሳሻቸውን ከወሰድንባቸው እኮ ሙከራሽ ይበላሻል።"

"ይበላሽ! የእኔዎቹ ሰፈር ሙሉ ናቸው፤ ሰኞ ባይሆን በሌላ ሰኞ ይሆናል። ያንቺዎቹ ግን ሰኞን አያዩም። በይ ማጣሪያውን አቀብዪኝ፣ አታልቅሺብኝ!"

ፈሳሹን ከሴሎቿ ላይ ቀዳች፤ ዝቃጩ እንዲቀር በማሽን አሽከረከርነው፤ አንድም የእሷ ሴል ሾልኮ ከእኔዎቹ ጋር እንዳይደባለቅ በረቂቅ ማጣሪያ አሳለፍነው። ከአዲስ ምግብ ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅዬ በዘር ጠርሙሴ ጠርዝ ቀስ እያልኩ አፈሰስኩት። የማሽኑን በር ስዘጋ ሙና "ቢስሚላህ" አለች፤ እኔም "በኢየሱስ ስም" አልኩ፤ ተያየንና ሳቅን።

ከዚያ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብለን ሳህኑን ከፈተችው። ቆጮ፣ ጎመንና አይብ ነው።

"ሥጋ የለበትም፣ አስቤልሻለሁ" አለችኝ። "እናንተ ቤት የእኛ ሥጋ እንደማይበላ አውቃለሁ። ብዪ እንግዲህ፤ ዛሬ ደግሞ ሥራ አለብኝ በዪኝና!"

በላሁ። እንዲያ የበላሁበትን ቀን አላስታውስም።

ቀጥሎ የመጡት ቀናት ከባድ ነበሩ። ሙና ማሽኑን እንዳልከፍት ከለከለችኝ። "ተዪያቸው ይረፉ፤ አራስ ቤት ነው፣ አታንኳኪባቸው!" ትላለች። በር ላይ ደግሞ ጋሽ ደምሴ እንደ ዱሮው ይነሡልኛል፣ ግን አያዩኝም፤ መሬት መሬት ያያሉ። የሕንጻው አስተዳደር ነገሩን ሰምቶ ሊያሰናብታቸው ነው ተባለ። የእኔ ቃል እየተጠበቀ ነበር። እልህ ይዞኝ እንደነበር አልዋሻችሁም።

ሐሙስ ዕለት ሙና "አሁን እንይ" አለች። ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፋሁ። መጀመሪያ ያቺን የጥጓን ሴል ፈለግሁ። እሷ በነበረችበት ቦታ ሁለት ክብ፣ የሚያብረቀርቁ ሴሎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ተከፍላለች። አሁን ጎረቤት አላት።

ጩኸቴን የሰማ ከየክፍሉ ወጣ። ሙና ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥላ "ዞር በይ ልይ! ዞር በይ!" ትላለች። እኔ አልዞርም።

ደስታው ትንሽ ሲበርድ ወደ ጋሽ ደምሴ ወረድኩ። ውስጤን ሲበላኝ የከረመ ጥያቄ ነበር። የሙና ማሽን ከእኔው ትይዩ ግድግዳ ላይ ነው፤ ሌላም ብዙ ዕቃ አለ። ያን ሁሉ ሳይነኩ የእኔን ብቻ ለምን?

"ተርፈዋል፣ ጋሽ ደምሴ" አልኳቸው መጀመሪያ።

"ተመስገን! ተመስገን!" ኮፍያቸውን አወለቁ። ዓይናቸው ረጥቦ ነበር።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የሌሎቹን ሳይነቅሉ የእኔን ብቻ ለምን ነቀሉ?"

ኮፍያውን በእጃቸው ያዟዙሩታል።

"እንዳትቀየሚኝ" አሉ። "የሌሎቹ ቢቃጠል ሰው አላቸው። ይደዋወላሉ፣ ይረዳዳሉ። አንቺ ግን እሁድ እሁድ ብቻሽን ትመጫለሽ፣ ብቻሽን ትሄጃለሽ። የሚጠራሽ፣ መጥቶ የሚጠይቅሽ አይቼ አላውቅም። ማሽኑን ደግሞ በመስታወት በኩል ታዋሪዋለሽ፤ ስዞር አይቻለሁ። ይኼ ቢቃጠልባት ምን ይውጣት ብዬ... ሰው የላትም ብዬ ነው፣ ልጄ።"

ከእሳቸው ወንበር አጠገብ ያለው ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አያየኝም ብዬ የኖርኩባት ከተማ ውስጥ፣ በየእሁዱ ገብቼ እስክወጣ የሚጠብቀኝ ሰው ነበር። በማዳመጫዬ ጆሮዬን ደፍኜ ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ!

ያን ቀን ለአስተዳደሩ ቃሌን ሰጠሁ። ጥፋቱ ስለ ጄኔሬተሩ ያልነገርናቸው የእኛ መሆኑን ተናገርኩ፤ ጋሽ ደምሴም በቦታቸው ቆዩ። አሁን የሕንጻውን ሶኬቶች ከእኔ በላይ ያውቋቸዋል፤ መብራት ብልጭ ሲል ይደውሉልኛል፤ "አልነካሁም፣ ልንገርሽ ብዬ ነው" ይሉኛል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ከእናንተም መሐል እንደ እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ በሩን ዘግቶ የተቀመጠ ይኖራል። ስለ ብቸኝነት ልመክራችሁ አልችልም፤ አሁንም ማታ ማታ ይመጣብኛል። የምነግራችሁ ያየሁትን ነው። እኔ መልእክት አይደርሰኝም ብዬ አማርር ነበር፤ መልእክቱ ግን ይላክ ነበር፣ አንዳንዴም በተነቀለ ሶኬት። የምሳ ግብዣ ሆኖ መጥቷል፣ "አንዴ ቆይ ልንገርሽ" ሆኖ መጥቷል። የማይቀበለው የእኔ ግድግዳ ነበር። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ የፊት ለፊት ጎረቤቴን በር አንኳኳሁ። ስሟ አበባ ነው። ስኳሯን የምትለካበት መሣሪያ ነበራት፤ ቁጥሩን ማንበብ ብቻ ነበር የቸገራት።

የእኚያ እናት ሴሎች ተባዝተዋል። ናይትሮጅኑም መጣ። የሴሎቹን ግማሽ በእኔ፣ ግማሹን በሙና ኢንኩቤተር አስቀምጠናል፣ አንዱ ቢጠፋ አንዱ እንዲኖር። መልእክቱ የሚያቋርጥበትን መንገድ ገና አላገኘሁትም፤ እየፈለግሁ ነው።

ባለፈው እሁድ ጉርድ ሾላ፣ ሙና ቤት ምሳ ላይ ሳለን እናቴ ደወለች። ከኋላዬ የሙና እናት "ብዪ እንጂ፣ ምነው ተውሽው?" ይሉኛል፤ ሙና ደግሞ የሆነ ነገር እያወራች ራሷ ትስቃለች።

"እዚያ ሰው አለሽ?" አለች እናቴ እንደ ልማዷ።

"አለኝ፣ እማዬ" አልኳት። ማን ብላ አልጠየቀችኝም፤ ከኋላዬ የሚሰማውን ሳቅና ወሬ ስታዳምጥ ቆየች።